ከጠገራ ወደ ጽዋ፤ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ የብር አንጥረኞች

በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከእንግሊዝ አገር ተሰደው በማሳቹሴትስ ጠረፍ የሰፈሩት ፒዩሪታኖች፣ ሃይማኖታቸው ጌጥንና ከንቱ ውዳሴን አጥብቆ የሚነቅፍ ሆኖ ሳለ፣ የብር ዋንጫና የብር ማንኪያ ለማሠራት ያን ያህል መድከማቸው፣ ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ምሥጢሩ የሚገለጠው ግን በዚያ አገር በዚያ ዘመን ባንክ የሚባል አለመኖሩን ያስታወስን እንደ ሆነ ነው። ነጋዴው ዓሣና ሳንቃ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ልኮ በለውጡ የሚያገኘው ገንዘብ አብዛኛው ከሜክሲኮና ከፖቶሲ ማዕድን የወጣ የእስፓኝ ጠገራ ነበር፤ ጠገራውም ዳር ዳሩ እየተቀረጠፈ ክብደቱ የሚጎድል፣ ሌባ ቢወስደውም የማን እንደ ሆነ የማይለይ ስለ ነበረ፣ ባለቤቱ ወደ አንጥረኛ ወስዶ ያስቀልጠውና ዋንጫ ወይም ሳሕን ያሠራው ነበር። ዕቃው የባለቤቱ ስም ፊደል ተቀርጾበት፣ የሠሪውም ማኅተም ታትሞበት ሲወጣ፣ ማዕድ የሚያስጌጥ፣ ሲሰረቅ በምልክቱ የሚፈለግ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ተመልሶ የሚቀልጥ ሀብት ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር የብሩን ጥራት መርምሮ ማኅተም የሚያትም የአንጥረኞች ማኅበር ሲኖር፣ በቅኝ ግዛቶቹ ግን ይህን የመሰለ ሥልጣን ያለው አካል ስላልነበረ፣ ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆን የሚገባው ዕቃ በእውነት እንደዚያ ለመሆኑ ዋሱ አንጥረኛው ራሱ ነበር። ሕዝብ ሀብቱን አምኖ የሚያስረክበው ሰው ምግባሩ የተመሰከረለት መሆን ስላለበት፣ ከእነዚህ ባለ ሙያዎች አንዳንዶቹ ለከፍተኛ ሹመት በቅተዋል፤ የቦስተኑ ጆን ኸል የቅኝ ግዛቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ እስከ መሆን ደርሷል። ይኸው ሰው ከባልንጀራው ከሮበርት ሳንደርሰን ጋር በ1652 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማሳቹሴትስን ገንዘብ እንዲቀርጽ ታዝዞ፣ ከጊዜ በኋላ የጥድ ዛፍ የተሣለበትን ሽልንግ አወጣ፤ ቀረጻው ሠላሳ ዓመት ያህል ሲቀጥል፣ በሽልንጉ ላይ የሚታተመው ዓመት ግን ከ1652 አልተለወጠም። ገንዘብ ማስቀረጽ የንጉሥ መብት ነበርና፣ በ1652 ደግሞ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ ንጉሥ ስላልነበረ፣ ብዙዎች ይህን ለጥንቃቄ የተደረገ ብልሃት ነው ይሉታል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚመስጠኝ ግን የቤተ ክርስቲያናቸው ንዋይ ነው። ፒዩሪታኖች ለቊርባን ብቻ የተለየ ጽዋ እንዲኖር ግድ ስላላሉ፣ በቤት ማዕድ ሲጠጣበት የኖረ ዋንጫ በኑዛዜ ለጉባኤው ይሰጥና የጌታ እራት ይቀርብበት ነበር። ንዋየ ቅድሳት ከዓለማዊ ዕቃ ተለይቶ በሚከበርበት ሥርዓት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ቢመስልም፣ ከዚያ ዘመን ሥራ ብዙው ከጥፋት የዳነው በዚሁ ልማድ ነው፤ በየቤቱ የቀረው ወግ በተለወጠ ቍጥር እየቀለጠ ሌላ ሲሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የሰጪውን ስም እንደ ያዘ ኖረ።

ሥራው ትዕግሥት የሚፈታተን ነበር። የቀለጠው ብር በቅርጽ ፈስሶ ከረጋ በኋላ እየተቀጠቀጠ ዝርግ ይሆናል፤ አንጥረኛውም ዝርጉን በብረት መደገፊያ ላይ እያዞረ፣ በክብ በክብ እየመታ፣ ጎኑን ቀስ በቀስ ያቆመዋል። ብር በተመታ መጠን እየደረቀ መሰንጠቅ ስለሚፈልግ፣ በየጊዜው እሳት አግብቶ ማለስለስ ግድ ነው። እጀታውና እግሩ ለብቻ ተሠርተው ይበየዳሉ፤ በመጨረሻም የመዶሻው ጠባሳ እስኪጠፋ ድረስ ተስተካክሎ ይወለወላል።

በዚህ ሙያ ስሙ ከሁሉ የገነነው ፖል ሪቪር ነው። አባቱ ከፈረንሳይ የመጣ ፕሮቴስታንት ስደተኛ ሲሆን፣ ሙያውን የተማረው ከቦስተኑ ሊቅ ከጆን ኮኒ ነበር። ፖል በ1768 የሠራው ጐድጓዳ ሳሕን በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ የተለየ ክብር አለው። በዚያ ዓመት የማሳቹሴትስ እንደራሴዎች የእንግሊዝን ቀረጥ የሚቃወም ደብዳቤ ለሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች ልከው፣ ከንጉሡ መንግሥት ደብዳቤውን እንዲሽሩ ቢታዘዙም፣ 92ቱ እንቢ ሲሉ የታዘዙት 17 ብቻ ነበሩ። የነጻነት ልጆች ከተባለው ማኅበር 15 ሰዎች የእነዚያን 92 እንደራሴዎች ጽናት ለማክበር ሳሕኑን ሲያሠሩ የራሳቸውን ስም በከንፈሩ ዙሪያ አስቀረጹ፤ ንጉሡን የሚተች ጽሑፍ ያወጣውን የእንግሊዛዊውን የጆን ዊልክስን ጋዜጣ 45ኛ ቍጥር ለማስታወስም ክብደቱ 45 አውንስ ሆነ። መንግሥት እንደ ዓመፅ ሊቈጥረው በሚችል ነገር ላይ ስምን በማይጠፋ ብረት ማስቀረጽ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ሳሕኑ በ1949 ተገዝቶ በቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሲገባ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱን ያዋጡት የከተማይቱ ተማሪ ልጆች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ማኅተሙ የሚመሰክረው ለሱቁ ጌታ እንጂ ዕቃውን ለሠራው እጅ ሁሉ አይደለም። በኒው ዮርክ ማየር ማየርስ የተባለው አይሁዳዊ አንጥረኛ የኦሪት ጥቅልል ጌጥና የክርስቲያኖችን የማዕድ ዕቃ በአንድ መዶሻ እየሠራ በገዛ ስሙ ሲያትም፣ በባርነት ተይዘው በየሱቁ መዶሻ ያነሡ አፍሪካውያን ግን ሥራቸው በጌቶቻቸው ማኅተም ተሸፍኖ ቀርቷል። በካሪቢያን ደሴቶች ተወልዶ በፊላደልፊያ የሠራው፣ የአፍሪካ ደም ያለበት ነጻ ሰው ፒተር ቤንትዞን፣ ስሙን በገዛ እጁ ሥራ ላይ ሊያትም በመቻሉ ከእነዚያ ሁሉ ይለያል፤ ቤተ መዘክሮችም ዛሬ ሥራውን በዚያ ማኅተም ለይተው ያውቁታል።