ካፌይን ያልበገረው የቡና ተባይ

ቡና ካፌይን የሚያመርተው ራሱን ለመከላከል ነው። ቅጠሉንና ፍሬውን ሊበሉ የሚመጡ ብዙ ነፍሳትን ይህ መራራ ንጥረ ነገር ይመርዛቸዋል። ሁለት ሚሊሜትር የማትሞላው ጥቁር ጥንዚዛ፣ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ፣ ግን ሙሉ የሕይወት ዑደቷን በቡና ፍሬ ብቻ ትጨርሳለች። መርዙ እንዴት አላጠፋትም? ጥያቄው ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል።

እንስቷ የፍሬውን እምብርት በስታ ትገባና እንቁላሎቿን እዚያው ትጥላለች። እጮቹ ዘሩን ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ፤ ወንድምና እህት በዚያው ይራከባሉ፤ ወደ ሌላ ፍሬ የሚበሩት እንስቶቹ ብቻ ናቸው። ፍሬው ውስጥ ስለሚሸሸጉም የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካው ሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት ምስጢሩን ከአንጀቷ አወጣው። በዚያ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች መካከል ሱዶሞናስ ፉልቫ የተባለው ካፌይን የሚሰባብር ኤንዛይም የሚሠራበት ዘረ መል አለው። ጥንዚዛዎቹ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ካፌይኑ ሳይሰባበር ከኩሳቸው ጋር ወጣ፤ መራባታቸውም ክፉኛ ቀነሰ። ባክቴሪያው ሲመለስላቸው ካፌይን የመሰባበር አቅማቸውም ተመለሰ።

ሌሎች ተባዮችም ተመሳሳይ አጋር አላቸው። የኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ እጭ ቲማቲም ሲበላ ከአፉ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቅጠሉ ላይ ያርፋሉ። ተክሉ በሽታ የገባበት መስሎት መከላከያውን ወደ ባክቴሪያዎቹ ሲያዞር፣ ነፍሳትን የሚመክትበት ይዳከማል።

ጉዳዩ የአረቢካ ቡና መገኛ ለሆነችው ኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ቦርቧሪዋ በአገራችን መኖሯ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ እስከ 1984 ድረስ የጅማ ቅዝቃዜ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንድታደርስ አይፈቅድላትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሙቀቱ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ለማድረስ በቅቷታል።

ታዲያ ባክቴሪያውን ለማጥፋት በማሳ ላይ አንቲባዮቲክ ይረጭ? በፍጹም። ጠቃሚ የአፈር ተሃዋስያንን ይጎዳል፤ መድኃኒት የማይበግራቸው ጀርሞችንም ያበራክታል። ዛሬ አርሶ አደሩ በእጁ ያለው ዘዴ የደረሰውን ፍሬ በወቅቱ መልቀምና ከዛፉ ላይም ከመሬትም የቀረውን ቃርሞ ማንሳት ነው፤ ተባዩ ከምርት እስከ ምርት የሚሻገረው በዚያ ነውና። ምርምሩ ደግሞ አዲስ የቡና ዝርያ ሲፈትን ከጥንዚዛዋ ጋር ባክቴሪያዎቿንም ማጥናት አለበት፤ የቡናን መከላከያ የሚሰብሩት አብረው ነውና።