የስልክ መተግበሪያ ከሩቅ ሱቅ ለሚገዙ ቤተ ሰቦች የተሰጠ ምክር

ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፤ በዚያም ተፈትሾ ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ ወደ አዳማ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ገበያ ይከፋፈላል። በዘመናችን ግን ክብደት የሌለው፣ በሣጥን የማይታሸግ፣ የሞጆንም መንገድ የማያውቅ ሸቀጥ ተነሥቷል። ይኸውም አፕሊኬሽን ወይም መተግበሪያ እየተባለ በስማርት ስልክ ላይ የሚጫነው ነው። በአየር የሚመጣ ስለ ሆነ ወሰን የማያግደው ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ሲሆን ወሰኑ እጅግ የጠበቀ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የሱቁ ሕግ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ የአይፎን መተግበሪያ የሚሸጥበትን መደብር ለ175 አገሮችና ግዛቶች ሲከፍት፣ ኢትዮጵያን ለብዙ ዓመታት በዝርዝሩ ውስጥ አላገባትም። ስለዚህ አይፎን የገዛ የአዳማ ሰው ነጻውን መተግበሪያ እንኳ ለማውረድ የሌላ አገር ነዋሪ መስሎ መመዝገብ ግድ ሆኖበት ቆይቷል። ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ሕዝባችን በስልክ መክፈልን ለምዷል፤ ነገር ግን እነዚያ ሱቆች በአብዛኛው የሚፈልጉት በዓለም ሁሉ የሚሠራ የባንክ ካርድ ስለ ሆነ፣ ብር ያለው ሰው ከሱቁ ደጃፍ ይመለሳል።

የተቸገረ ሰው ዘዴ አያጣምና ሦስት መንገዶች ተለምደዋል። እያንዳንዱን እንመርምር።

የመጀመሪያው፣ በውጭ አገር ያለ ዘመድ ጊፍት ካርድ ገዝቶ የምስጢር ቍጥሩን እንዲልክ ማድረግ ነው። ካርዱ የሚሠራው በተገዛበት አገር ስም በተከፈተ ሒሳብ ላይ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የተገዛ ካርድ በዱባይ አድራሻ ለተመዘገበ ሰው አይረባም። ስለዚህ ዘመድ ገንዘቡን ሳያወጣ በፊት ሒሳቡ በየትኛው አገር እንደ ተከፈተ ይነገረው። ቍጥሩም እንደ ጥሬ ገንዘብ ነውና ቀድሞ ያስገባው ሰው ይወስደዋል። ከማይታወቅ ሰው በቴሌግራም የሚገዛ ቍጥር ተሠርቶበት ቢገኝ የሚመልስ የለም።

ሁለተኛው፣ በቪፒኤን ተሰውሮ በውጭ አገር አድራሻ መመዝገብ ነው። ይህ የሱቁን ውል የሚጥስ መሆኑን አንባቢዎቻችን አስቀድመው ይወቁት፤ ኩባንያው ሒሳቡን ቢዘጋው የተገዛው ሁሉ አብሮ ይቀራል። አገር መለወጥም ቀላል አይደለም። ጉግል በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይፈቅድም፤ አፕል ደግሞ አስቀድሞ ቀሪው ገንዘብ እንዲያልቅ ይጠይቃል። ነጻ የሚባለውም ቪፒኤን የስልካችንን መልእክት በማናውቀው ሰው ቤት በኩል የሚያሳልፍ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ነው። ስልኩን ለሱቅ ሠራተኛ ሰጥቶ «አንተ ክፈትልኝ፣ አንተ ጫንልኝ» ማለት ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች ቅን ሰዎች መሆናቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን ሒሳቡ በሠራተኛው ኢሜይልና የይለፍ ቃል የተከፈተ እንደ ሆነ፣ የስልኩ እውነተኛ ጌታ እርሱ ነው። አይፎን ተደምስሶ እንደ ገና ሲነሣ ያንኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሠራተኛው ከተማ ለቆ ቢሄድ በብዙ ሺህ ብር የተገዛው ስልክ ከድንጋይ አይሻልም። የሙት አባት ፎቶግራፍ፣ የልጆች ድምፅ በዚያው ተቈልፎ ይቀራል። በሚሞሪ ካርድ ተቀድቶ የሚጫነው የተሰረቀ መተግበሪያም በውስጡ ምን እንደ ተጨመረበት አይታወቅም፤ የቤተ ሰቡ ገንዘብ ያለበት ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ደግሞ በዚያው ስልክ ላይ ነው።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ የሚበጀው ይህ ነው። ኢሜይሉን ራሳችሁ ክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ጻፉ፤ ማረጋገጫ የሚላክበትም ስልክ የቤተ ሰብ ይሁን። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት ከሒሳቡ መውጣቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። የውጭ አገር ዘመድ የራሱን ሒሳብ ቢያውሳችሁ የሁለታችሁ ፎቶግራፍና መልእክት ይቀላቀላልና አትቀበሉ። የሚከፈልበትን ከመፈለጋችሁ በፊት ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነጻ መተግበሪያ መኖሩን መርምሩ፤ ጉግል ፕሌይ በአገራችን ብዙ ነጻ መተግበሪያ ይሰጣል። ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ሰው ደግሞ፣ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባወጣው አዲስ መመሪያ በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍቶ ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍልበት ተፈቅዶለታልና ባንኩን ይጠይቅ።

መተግበሪያው የሚገዛበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዶላር ነው። ለጥቂት ዶላር ሲባል የቤቱን ቍልፍ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ግን የአስተዋይ ቤተ ሰብ ሥራ አይደለም እንላለን።