መርፌና ክር

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል የሸሚዙ ቁልፍ ሲበጠስ ልብስ ሰፊ ፍለጋ የማይሮጥ ጥቂት ነው። አንዳንዱም መርፌ መያዝን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን የእጅ ሥራን ስንንቅ የምንጐዳው ራሳችንን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል።

መስፋት ካደጉም በኋላ ይለመዳል። በመጀመሪያ ክሩ ከአንድ ክንድ ተኩል አይብለጥ፤ ከረዘመ ይተበተባል። ጫፉን በሰያፍ ቈርጠን በመርፌው ቀዳዳ ካሳለፍን በኋላ ሌላውን ጫፍ እንቋጥራለን። መርፌውን ወደ ፊት ብቻ እያስገቡ እያወጡ መስፋት ይፈጥናል፤ ነገር ግን ክሩ አንድ ቦታ ሲበጠስ ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ የተተረተረ ሱሪ ስንጠግን መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አውጥተን፣ ያለፈው ስፌት ካበቃበት ላይ መልሰን እናስገባለን። ክሩ ከበስተጀርባ ስለሚደራረብ ይጠነክራል። ሲያበቃ አንዱን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ወግተን እንቋጥራለን።

የመጀመሪያው ስፌት ቢጣመም አያሳፍርም፤ ተፈትቶ እንደ ገና ይሰፋል። የሚያሳፍረው ትንሿን ቀዳዳ ትልቅ እስክትሆን እያዩ ዝም ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!