ከስልክ ጋር ማደግ ስልክን ማወቅ አይደለም

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤምብር፣ ሄሎካሽና ሲቢኢ ብር ቀድመውት ቢኖሩም፣ በስልክ ገንዘብ መላክ ገና የብዙኃኑ ልማድ አልሆነም ነበር። አምስት ዓመት በሞላው በዚህ ወቅት የተመዘገቡ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በልጠዋል። በመካከሉ ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ይዞ ገብቷል፤ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት በሚያዝያ 2015 በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ ቀርቷል፤ ባንኮች አዲስ ሂሳብ ለሚከፍት ሰው የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር መጠየቅ ጀምረዋል፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ አምስት ሚሊዮን ሰዎችን በኮዲንግ የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ ሆኗል። የዕለት ኑሮ ይህን በሚያህል ፍጥነት ወደ ስልክ የገባበት ጊዜ በአገራችን የለም። ከጥድፊያው ሥር ግን ብዙዎች ሳይመረምሩ የተቀበሉት አንድ እምነት አለ፤ ልጆቹ ከስልክ ጋር ስላደጉ ያውቁበታል፣ አዋቂዎቹንም እነሱ ያሳዩአቸዋል የሚል። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ ዋጋም እያስከፈለን ነው። ጥገኝነታችን በመመሪያ ሲፈጥን ዕውቀታችን ለዘልማድ ተትቷል።

መነሻው ብዙ አያቆየንም። ስልክ በምኒልክ ዘመን ገባ፤ ኢንተርኔትና ሞባይል በ1990ዎቹ መባቻ ተከተሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም እስከ 2015 ዓ.ም. ያለ ተፎካካሪ ቆየ። ስክሪን በሕፃናት ዓይንና እንቅልፍ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትም በየሚዲያው ብዙ ተብሏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ስክሪን ፈጽሞ እንዳይኖር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2019 መክሯል። ወላጆች ይህን ቢይዙ ይበቃል። ያልተነገረው ትልቁ ጉዳይ ልጁ ስልኩ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ሳይሆን፣ በቆየበት ሰዓት ምን ያህል ያውቅበታል የሚለው ነው።

እምነቱን በዓለም ያስፋፋው አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ ወጣቱን ትውልድ «የዲጂታል ተወላጅ»፣ አዋቂውን «የዲጂታል ስደተኛ» ብሎ ከፈለው። ሐሳቡ ማራኪ ስለነበር ማስረጃው ሳይጠየቅ ተዛመተ። ማስረጃው ሲፈለግ ግን ሌላ ነገር ወጣ። በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ችሎታ ምዘና ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱትን 2 በመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ በመሣሪያ ተከበው ያደጉ ናቸው። መንካትና ማንሸራተት ይችላሉ፤ ያገኙት መረጃ እውነት ይሁን ሐሰት መመዘን ግን ከብዷቸዋል።

ለእምነቱ ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ምስክር የተገኘው ከእኛው አገር ነው፤ ስለዚህ ጠጋ ብለን ልናየው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት አደለ። አስተማሪ አልነበረም፤ መመሪያም አልተሰጠም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ለዓለም የተናገረው ብዙዎችን አስደነቀ። ልጆቹ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍቱ ጀመር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ከፈቱ። የተነገረውን ለማስተባበል ምክንያት የለኝም፤ የልጆቹ ብልህነት በእውነት የሚያኮራ ነው። የተነገረበት አኳኋን ግን ግማሹን ሸፍኗል። ታብሌቶቹ የሚሞሉት በፀሐይ ኃይል ነበር፤ የመሙያውንም አጠቃቀም የመንደሩ አዋቂዎች ሠልጥነውበታል። ባለሙያ እየተመላለሰ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር፤ የልጆቹም እያንዳንዱ ንክኪ አሜሪካ ባሉ ተመራማሪዎች ይጠና ነበር። «ያለ አስተማሪ» የተባለው ሙከራ ከኋላው አንድ ሙሉ ቡድን ነበረው። ከሁሉም በላይ፣ ልጆቹ በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱ ሆነው ሳለ የተጫነላቸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። የተዘጋ ካሜራ መክፈት አንድ ችሎታ ነው፤ አንብቦ መረዳት ሌላ ችሎታ ነው። የመጀመሪያው በመነካካት ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። ዓለም ያጨበጨበው ለመጀመሪያው ሆኖ ሳለ ሁለተኛው የተገኘ መሰለው። የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች በብዛት የታደሉባት ፔሩ ይህን ታረጋግጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ግምገማ በልጆቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኘም።

እኛም ብንሆን ይህን ትምህርት ከዚህ ቀደም አግኝተነው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን መምህሩን ወደ ጥግ ገፋው። ትምህርቱ በፈጣን እንግሊዝኛ ከሳተላይት ይወርዳል፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው ይቃጠላል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይጠብቀውም። ችግሩ በቴሌቪዥኑ ውስጥ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሰው ምትክ ያደረገው ውሳኔ ነው ያጠፋው።

የእምነቱ ዋጋ በገሃድ የታየው መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ብልሽት ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ተዛመተ፤ በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ አብዛኛው ተመለሰ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ይፋ አወጣ። ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት እንጂ የዕውቀት ጉድለት አይደለም የሚል ይኖራል። ፈተናው የሥነ ምግባር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በገዛ ስሙ በተከፈተ ሂሳብ፣ በገዛ ስልኩ፣ ሰዓቱና ደቂቃው በሚመዘገብበት መንገድ የሌላ ሰው ገንዘብ የሚወስድ ወጣት፣ ማሽኑ እንደማያስታውሰው ያመነ ይመስላል። ከአገሪቱ ወጣቶች መካከል ለስልክ ቅርብ የሆነው ትውልድ፣ ያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ እያንዳንዱ ግብይት ዱካ እንደሚተው አላሰበም። ከላይ የጠቀስኩት የ2 በመቶ ውጤት እዚህ አገር ሲደርስ የሚይዘው መልክ ይህ ነው። በየሱቁ ሐሰተኛ የክፍያ ስክሪንሾት እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች፣ ከባንክ ነው የምደውለው ብለው የሚስጥር ቁጥር የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች የሚበሉትም ከዚሁ ክፍተት ነው። የሚጭበረበሩት ደግሞ ባለ በተን ስልክ የያዙ እናቶች ብቻ አይደሉም።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። መኪና የሚነዳ ሁሉ ሞተር አይፈታም፤ ቴክኖሎጂም የሚመሰገነው ውስጡን ሳናውቅ ስለሚያገለግለን ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው ኮድ ጸሐፊ ይሁን የሚል ጥያቄ የለኝም። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ዕቅድም መልካም ሆኖ ሳለ ለዚህ ችግር መልስ አይደለም። ነገር ግን ሞተር የማይፈታው ሹፌር መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው አይነዳም፤ ሕግ ተምሮ ተፈትኖ ነው መሪ የሚይዘው። ነዳጅ በስልክ ብቻ ክፈል የተባለው ሹፌር ግን ስለ ሚስጥር ቁጥሩ፣ ገንዘብ በስሕተት ለሌላ ሰው ቢሄድ ለማን እንደሚያመለክት፣ ስለ ግል መረጃው መብት በሥርዓት የነገረው የለም። አስገድዶ ማስገባት ካለ የማስተማር ግዴታም ከዚያው ጋር ይመጣል።

ከዕውቀቱ ጎን መታየት ያለበት፣ ስልክ በማይሠራበት ጊዜ ምን አማራጭ አለ የሚለው ጉዳይ ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ሲቆይ ጉዳቱ ወሬ ከመቋረጥ ብዙ አይዘልም ነበር፤ ገና ያልተደገፍንበት ነገር ነበርና። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ግን ሥራ ቆመ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልክና ባንክ አብረው ሲዘጉ ሰዎች የገዛ ገንዘባቸውን አጥተው ተራቡ። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። ጥገኝነቱ በጨመረ ቁጥር የመዝጋት ውሳኔ የሚያደርሰው ጉዳት ይከብዳል። ወደ ጥሬ ገንዘብ መመለስ ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሊመዝኑ ይገባል። ማንም ቴሌብርን ዝጉ አላለም፤ ኢንተርኔት ለሌለው በ*127# መሥራቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን *127#ም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የሚስጥር ቁጥርን ስለ መጠበቅ፣ የክፍያ ማረጋገጫን ስለ መመርመር፣ የወሬን ምንጭ ስለ ማጣራት በአንደኛ ደረጃ፣ ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ መምህር አቁሞ ያስተምር። ብሔራዊ ባንክም ሲስተምና ኔትወርክ በሌለበት ቀን ሰው ገንዘቡን የሚያገኝበትን መስኮት በየአካባቢው ክፍት እንዲያደርጉ ባንኮችን ያስገድድ። ሁለቱም ከቀጣዩ አስገዳጅ መመሪያ በፊት መቅደም አለባቸው።