«ሲግኒፊካንት» የሚባለው ቅጽል ምን ማለት ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደብዳቤና ዘገባ መተርጐም የዕለት ተግባር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ስም ወይም ግሥ ሳይሆን ቅጽል ነው። ቅጽል መጠንንና ጠባይን የሚገልጽ ስለ ሆነ፣ ልኩ በጸሐፊውና በአንባቢው ሕሊና ውስጥ ሊለያይ ይችላል። ዛሬ ከእነዚህ ቅጽሎች አንዱን፣ «ሲግኒፊካንት» የሚባለውን፣ እንመለከታለን።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ «ሲግኑም» ሲሆን ትርጓሜው ምልክት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ፍችው «ምልክት የሚሰጥ፣ ትርጉም ያለው» ይሆናል። ሁለት ሰዎች በጉባኤ መካከል ሲተያዩ አተያያቸው ነገር ካለበት፣ እንግሊዞች በዚህ ቅጽል ይገልጹታል። ሁለተኛው ፍች «ከፍ ያለ፣ ቁም ነገር ያለው» ነው። ሦስተኛው በስታቲስቲክስ ሊቃውንት ዘንድ የሚሠራበት ሲሆን፣ አንድ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ተገኘ ለማለት የሚያስቸግር መሆኑን ያመለክታል። ልብ በሉ፤ በዚህ በሦስተኛው ፍች ልዩነቱ ራሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንድ የጤና ዘገባ የሕሙማን ቁጥር መቀነሱን በዚህ ቃል ሲገልጽ፣ ተርጓሚው «እጅግ ቀነሰ» ብሎ ቢጽፍ፣ አለቃው በተሳሳተ ቃል ተመርቶ የመድኃኒቱን በጀት ሊቀንስ ይችላል።

ወደ ፈረንሣይኛ ስንሻገር ቃሉ ብዙ መልክ ይይዛል። ለመጀመሪያው ፍች «ሲኚፊካቲፍ» ይስማማዋል። ለሁለተኛው ግን ለቋንቋቸው ጥራት የሚጠነቀቁ ጸሐፊዎች «አምፖርታን» ወይም «ኮንሲዴራብል» ማለትን ይመርጣሉ። ነገሩ መካከለኛ ሲሆን «ኖታብል» ወይም «ሳንሲብል» ይባላል። በዚህ በመጨረሻው ቃል ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚመስለው የእንግሊዝኛው «ሴንሲብል» አስተዋይ ማለት ሲሆን፣ የፈረንሣይኛው ግን ስሜቱ ቶሎ የሚነካ፣ ወይም ጐልቶ የሚታወቅ ማለት ነውና።

ነገሩ ግን በመዝገበ ቃላት ብቻ አይወሰንም። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ የምትገኘውን ፀዳን አስቡ። በዚያ አካባቢ የሚያልፈው የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከጣናም ዓባይ ወጥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይወርዳል። አንዲት ሴት ከመገጭ አንድ እንስራ ውኃ ብትቀዳ፣ ወደ ታች የሚሄደው ውኃ በአንድ እንስራ ጐደለ። ጉድለቱ በስሌት የሚገኝ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳት ተብሎ ሊያስከስስ ይገባልን? ገበሬውስ በመስኖ ቢያለማ? መንግሥትስ ግድብ ቢሠራ? ወሰኑ የት ላይ ነው? ይህን ጥያቄ የዓለም ሕግ ዐዋቂዎች የመለሱት በአንድ ቅጽል ነው።

በ1958 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የወጣው የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር ደንብ «ሰብስታንሺያል» በሚል ቃል ተጠቀመ፤ ይህም ክብደት ያለው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ1983 ዓ.ም. ባዘጋጀው ረቂቅ «አፕሪሺየብል» የሚለውን መረጠ። ይህ ቃል ግን «ሊለካ የሚችል» ማለትም፣ «ከፍ ያለ» ማለትም ስለሚሆን አሻሚ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1986 ዓ.ም. በ«ሲግኒፊካንት» ተተካ፤ ፈረንሣይኛውም «ሲኚፊካቲፍ» ሆነ። ኮሚሽኑ ሲያብራራ፣ በማስረጃ የሚረጋገጥና ከኢምንት በላይ የሆነ፣ ነገር ግን እስከ «ሰብስታንሺያል» ደረጃ መድረስ የማያስፈልገው ማለት እንደ ሆነ ገለጸ።

በግንቦት 13 ቀን 1989 ዓ.ም. የጸደቀው የውኃ ስምምነት ይህንኑ ቅጽል ያዘ፤ በድምፁ ጊዜ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል። ቃሉ ግን በመጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ስለ ሕዳሴው ግድብ በካርቱም በፈረሙት የመርሖዎች መግለጫ ውስጥ ገባ። በጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የጸናው፣ ግብፅና ሱዳን ያልገቡበት፣ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍም ይዞታል።

በአማርኛ «ጉልህ ጉዳት» ተብሎ ተተርጕሟል። ትርጉሙ መልካም ነው። «ማናቸውም ጉዳት» ቢባል ኖሮ እንስራዋም በከለከለች ነበር፤ «ከባድ ጉዳት» ቢባል ደግሞ የታችኞቹ አገሮች መብት በጠበበ ነበር። «ጉልህ» ግን ነገሩ ለሚያይ ሰው ጐልቶ መታየቱን እንጂ እጅግ መክበዱን አይናገርም። ከዚህም ጋር ቃሉ ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ በእነዚሁ ስምምነቶች ውስጥ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ» ከሚለው የአጠቃቀም መርሕ ጋር አብሮ ይነበባል።

የቃል ትርጉም አገርን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታሪካችን ያውቃል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ አማርኛው ፈቃድ ያለው ግሥ ሲጠቀም ጣልያንኛው ግዴታ ተደርጎ ተወሰደ፤ ክርክሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈታ።

እንግዲህ ይህ ቅጽል በጠረጴዛችሁ ላይ ባለው ወረቀት ሲያጋጥማችሁ፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ጸሐፊው ስለ ትርጉም፣ ስለ ትልቅነት ወይስ ስለ ስሌት ይናገራል? በቃሉ ምክንያት የሚጠቀመውና የሚጐዳው ማን ነው? ቅጽሉስ ከየትኛው ሌላ ቃል ጋር ተጣምሯል? ይህን የጠየቀ ተርጓሚ ቃሉን በትክክለኛው ልክ ያስቀምጣል።