ፍየል የማትነካው ቅጠል

በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ «አዳቶዳይ» የሚባል መራራ ቁጥቋጦ ይበቅላል። «አዱ» ፍየል ነው፤ «ቶዳ» የማይነካ። ያገኘችውን ሁሉ የምትቀነጥሰው ፍየል እንኳ አልፋው የምትሄድ ቅጠል ማለታቸው ነው። ሲድዳ የሚባለው የታሚሎች ባህላዊ ሕክምና ቅጠሉን አፍልቶ ለሳልና ለአክታ ያጠጣል። ሳንስክሪት ተክሉን «ቫሳካ» ይለዋል፤ ከቅጠሉ የተለየው ንጥረ ነገርም ከዚሁ ስም «ቫሲሲን» ተባለ፤ በፋርማሲ የሚሸጠው አክታ አቅጣኝ ብሮምሄክሲን የተሠራው ከእሱ በመነሳት ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ደግሞ ተክሉን «ጁስቲሺያ አዳቶዳ» ብሎ መዘገበው። የእኛው የአጥር ተክል ስሚዛ ወይም ሰንሰል የዚህ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ቀድሞ «አዳቶዳ ሺምፔሪያና» ይባል ነበር፤ የታሚል ፍየል ሳታውቀው ስሟን በሐበሻ አጥር ላይ ጥላ ሄዳለች። እንዲህ ያሉ ስሞችን እንደ ማስታወሻ ማንበብ ይገባል ባይ ነኝ፤ ተክሉን ቀርቦ ያየ ሰው ያስተዋለውን በአንድ ቃል ቋጥሮባቸዋል።

ሳንስክሪት ለአንድ ተክል ብዙ ስም ይደረድራል። «ኒጋንቱ» የሚባሉት የመድኃኒት መዝገበ ቃላት ሥራቸው ይኸው ነው፤ ከእነሱ አንዱ «ራጃ ኒጋንቱ» ስም የሚወጣባቸውን ሰባት መንገዶች ይቆጥራል፤ ልማድ፣ የአካባቢ አነጋገር፣ የመልክ ምልክት፣ ምሳሌ፣ የመድኃኒቱ ኃይል ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። ጉሎን እንውሰድ። የታወቀ ስሙ «ኤራንዳ» ነው። «ፓንቻንጉላ»፣ ማለትም ባለ አምስት ጣት፣ ሲባል ግን የቅጠሉ ቅርጽ ለለቃሚው ይነገረዋል። «ቫታሪ»፣ የቫታ ጠላት፣ ሲባል ደግሞ ተናጋሪው ወደ ሐኪሙ ዞሯል፤ በሳንስክሪት የተጻፈው ባህላዊ ሕክምና አዩርቬዳ የመገጣጠሚያ ሕመምን «ቫታ» በሚለው የሰውነት ነፋስ ያሳብባልና የጉሎ ዘይት ለዚያ ይታዘዛል። «ጉዱቺ» የተባለው ሐረግ «ቺናሩሃ»ም ይባላል፤ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ማለት ነው። «አሽዋጋንዳ» የፈረስ ሽታ ነው፤ ትኩስ ሥሩን ያሸተተ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ተክሉ በኢትዮጵያም ይበቅላል፤ ግዛዋ የምንለው እሱን ነው።

ታሚል በስም ቁጥር እንዲህ አይበዛም፤ ዓይኑ ግን የሰላ ነው። «ኔሊ» የሚባል ጎምዛዛ ፍሬ አለ፣ በሳንስክሪት «አማላኪ»። ቅጠሏ የኔሊን የሚመስል አንዲት ትንሽ አረምም አለች፤ ሁለቱም ወገኖች ለወፍ በሽታ ይጠቀሙባታል። ሳንስክሪት ቁመቷን አይቶ «ቡምያማላኪ»፣ የምድር አማላኪ፣ አላት። ታሚል «ኪዛኔሊ» ይላታል፤ የታች ኔሊ። ጥቃቅን ፍሬዎቿ የሚደረደሩት ከቅጠሉ ሥር ነውና ስሙን ያወጣው ሰው ቅርንጫፉን ገልብጦ አይቷል። ሳንስክሪት ሰጪ፣ ታሚል ተቀባይ ብቻ ነበር የሚለውን የተለመደ ሐሳብም ዝንጅብል ያፈርሰዋል። ሳንስክሪቱ «ሽሪንጋቬራ» ቀንድ የመሰለ አካል ተብሎ ቢፈታም የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን መነሻ በታሚል ቤተሰብ ቋንቋዎች ያገኙታል፤ «ኢንጂ» በታሚል ዝንጅብል፣ «ቬር» ሥር ነው። ያው ቃል በዐረብ አፍ ተንከባሎ ነው እኛ ወጥ ውስጥ የገባው።

በዚህ ንባብ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል፤ ስሞቹ ይደበላለቃሉ። «ሻንካፑሽፒ» የሚባለው መድኃኒት በተለያየ አካባቢ ቢያንስ በአራት የተለያዩ ተክሎች ይሠራል፤ «አምሪታ»፣ የማይሞት፣ የሚለው ስምም ለጉዱቺ፣ ለአማላኪና ለሌላም ተሰጥቷል። የላቲኑ ስም ይሻላል የሚሉት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን የላቲኑም ስም ይቀየራል፣ ሰንሰል ምስክር ነው፤ ደግሞም ቅጠሉን ገልብጥ የሚል ምክር አይሰጥም። ሁለቱ አንድ ላይ ቢጻፉ ነው የሚበጀው። ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ያሳስባል፤ ስም ያሞግሳል። ደረቅ ዝንጅብል በሳንስክሪት «ቪሽቫቤሻጃ»፣ የሁሉ መድኃኒት፣ ይባላል፤ ይህ ምልከታ ሳይሆን ውዳሴ ነው። «ኢሽቫሪ» የሚባለው ተክል የአምላክን ስም ይዞ ለእባብ ንክሻ ሲሰጥ ኖሯል፤ በውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ግን ኩላሊት ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል። ስለዚህ ስሙ ተክሉ እንዴት እንደታወቀና ለምን እንደዋለ ይመሰክራል፤ መፈወሱን የሚያረጋግጠው ምርመራ ነው። የአዩርቬዳ ጥንታዊ መጽሐፍ «ቻራካ ሳምሂታ» ራሱ ፍየል ጠባቂዎችና የጫካ ሰዎች ተክሎችን በስምና በመልክ እንደሚያውቁ ይናገርና ሐኪም ለመሆን ግን ይህ ብቻ እንደማይበቃ ይጨምራል።

ስሞቹ ሕጋዊ ክብደትም አላቸው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድን ለቁስል ማዳኛ መጠቀም እንደ አዲስ ግኝት ፓተንት ተሰጠው፤ የህንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የቆዩ ጽሑፎችን አቅርቦ ተከራከረ፤ ፓተንቱም በ1997 ተሰረዘ። ህንድ ከዚያ በኋላ የሳንስክሪት፣ የታሚልና የሌሎች ቋንቋዎችን የሕክምና መጻሕፍት የሚተረጉም የባህላዊ ዕውቀት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች። የሳንስክሪቱ «ሃሪድራ»፣ የታሚሉ «ማንጃል» እና የላቲኑ «ኩርኩማ ሎንጋ» አንድ እርድ መሆናቸው ጎን ለጎን ካልተጻፈለት፣ በአውሮፓ ወይም በጃፓን የተቀመጠ የፓተንት መርማሪ ማስረጃው ፊቱ ተዘርግቶም አያየውም።