ሦስት ሰዎች በአንዲት የመርከብ ክፍል ተመችቷቸው ስለሚጓዙበት አኳኋን

ሰው በየብስ ሲኖር ቤቱ ቢጠብበው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ ክፉ ቃል ቢለዋወጥም ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ገበያ ሄዶ፣ ልቡን አብርዶ ይመለሳል። በባሕር ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። መርከቡ እንደ አንድ ከተማ የሰፋ ቢሆን እንኳ፣ ማታ በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ተጓዥ ወደ ተመደበችለት ጠባብ ክፍል መመለሱ አይቀርም። ይህችን ካቢን የምትባለውን ክፍል ሦስት ዐዋቂዎች በተካፈሏት ጊዜ፣ የጉዞው ደስታም ሆነ ምሬት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች በአራቱ ግድግዳዎች መካከል ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለብዙ ቤተ ሰቦቻችን እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት በሚያስመጡበት ጊዜ፣ ከባልቲሞር ወይም ከማያሚ ወይም ከጋልቬስተን ወደብ በመዝናኛ መርከብ ተሳፍረው ወደ ባሃማስና ወደ ካሪብያን ደሴቶች ይዘዋቸው መሄድን እየለመዱ መጥተዋል። ብዙውን ጊዜም ተጓዦቹ ሦስት ይሆናሉ፤ እናት ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋራ፣ ወይም ባልና ሚስት ከአንዲት አክስት ጋራ፣ ወይም ሦስት እኅትማማቾች። ልጆቹ ቀንና ሌሊት በሥራ የሚደክሙ ስለ ሆኑ፣ ባሕር ተሻግረው የመጡት እናት የጉብኝታቸውን ብዙ ወራት በባዶ ቤት ተቀምጠው ያሳልፋሉ። እንግዲህ እነዚያ አምስት ወይም ሰባት የባሕር ቀኖች፣ እናትና ልጆች ከጧት እስከ ማታ በአንድነት የሚውሉባቸው ብቸኛ ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። በመኝታና በመታጠቢያ ነገር ቢበላሹ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እኛ አስቀድመን የምንለው ይህን ነው፤ የመርከብ ክፍል በመሠረቱ የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። ሦስተኛው ሰው የሚጨመረው በኋላ ነው። የምቾት መጕደል ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና፣ ሦስቱ ተጓዦች ሊጠነቀቁለት የሚገባው ትልቁ ነገር ከመካከላቸው አንዱ እንደ ትርፍ ሰው እንዳይቈጠር ነው።

ስለ ክፍሉ ስፋትና አሠራር

ተራው የመርከብ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 18 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በዚህ ውስጥ ሁለት አልጋዎች፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ መታጠቢያ ቤት ይገኛሉ። ሁለቱ አልጋዎች ሲገጣጠሙ አንድ ሰፊ አልጋ፣ ሲለያዩም ሁለት የነጠላ አልጋዎች እንዲሆኑ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ለሦስተኛው ሰው የሚሆነው አልጋ ግን በሁለት ዐይነት ይገኛል፤ አንዱ ቀን መቀመጫ ሆኖ ውሎ ማታ የሚዘረጋው ሶፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከግድግዳው ወይም ከጣራው ታጥፎ የሚወርድና በመሰላል የሚወጡበት የላይ አልጋ ነው። ይህንኑ አልጋ ማታ ማታ የሚያነጥፈውና ጧት ጧት የሚያጥፈው የክፍሉ አገልጋይ ነው።

ክፍል በሚመረጥበት ጊዜ የዚህን ሦስተኛ አልጋ ዐይነት አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሶፋው ሲዘረጋ ወደ በረንዳው የሚያሳልፈውን መንገድ የሚዘጋባቸው ክፍሎች አሉ፤ የላይኛው አልጋ ሲወርድም ከበታቹ የተኛው ሰው ቀና ብሎ ለመቀመጥ የሚቸገርባቸው አሉ። የክፍሉን ንድፍ ሳያዩ ገንዘብ መክፈል፣ ቤትን ሳያዩ እንደ መከራየት ነው።

ስለ ቦታውም ቢሆን ማሰብ ይገባል። ማዕበል የሚያስቸግረው ሰው ካለ፣ የመርከቡ መናወጥ የሚያንሰው በመካከሉና በታችኛው ፎቅ ነው። እንዲሁም ከመዋኛውና ከምግብ አዳራሹ በታች ያሉት ክፍሎች የወንበር መጐተትና የእግር ኮቴ ሲሰማባቸው ያድራል፤ ከላይም ከታችም በመኝታ ክፍሎች የተከበበው ክፍል የተሻለ ጸጥታ አለው። ገንዘቡ ከፈቀደ በረንዳ ያለውን መምረጥ ለሦስት ሰው ትልቅ ጥቅም ነው፤ በረንዳው እንደ ሁለተኛ ክፍል ሆኖ ያገለግላልና።

ሦስት ሰው የሚይዙ ክፍሎች ቀደም ብለው የሚያልቁበትም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክ 2,200 ያህል ሰዎች አሳፍራ ሳለ፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚበቁት ለ1,178 ሰዎች ብቻ ነበር። ከዚህ መከራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ስለ ሰው ነፍስ ደኅንነት በባሕር ላይ የተጻፈው ዓለም አቀፍ ውል በለንደን ተፈረመ፤ ደንቡም እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህም ምክንያት መርከቡ የሚይዘው ሰው ቍጥር የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ክፍሉ ሦስት አልጋ ቢኖረውም እንኳ በአካባቢው ያለው የጀልባ ቦታ ከሞላ ሦስተኛው ሰው አይጨመርም። ስለዚህ ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከሌላው ተጓዥ ቀድመው ቢመዘገቡ ይበጃቸዋል።

ስለ ዋጋው

የመርከብ ጉዞ ዋጋ የሚነገረው በነፍስ ወከፍ ሆኖ፣ በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች ያድራሉ ተብሎ የተሰላ ነው። ሦስተኛው ሰው የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ከፊተኞቹ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የወደብ ግብርና ለአገልጋዮች የሚሰጠው ጕርሻ ለእያንዳንዱ ሰው በእኩል ስለሚታሰብ፣ ቅናሹ መጀመሪያ ሲሰሙት እንደሚመስለው ያህል ብዙ አይደለም። እንግዲህ የሦስቱን ጠቅላላ ዋጋ ደምሮ ማየት ነው። አንዳንድ ጊዜም ያለ መስኮት የሆኑ ሁለት የውስጥ ክፍሎች፣ በረንዳ ካለው ከአንድ ክፍል ዋጋ ብዙ ርቀው አይገኙምና፣ ሁለቱንም አስጠይቆ ማወዳደር ብልኅነት ነው።

ገንዘቡን የሚያዋጡት ወንድማማቾች ወይም እኅትማማቾች ከሆኑ፣ ማን ምን ያህል እንደሚከፍልና ማን የት እንደሚተኛ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ፣ ያውም ከመክፈላቸው በፊት ይስማሙባቸው። በሶፋው ላይ የሚተኛው ሰው ዝቅ ያለውን ዋጋ ይክፈል ቢባል ፍርድ ነው፤ ሁሉም እኩል ይክፈልና በየሌሊቱ እየተፈራረቅን እንተኛ ቢባልም ፍርድ ነው። እኩል እያስከፈሉ ታናሺቱን ሁልጊዜ በጠባቡ አልጋ ማስተኛት ግን ቂም የሚያተርፍ ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።

ከአገር ቤት ለመጡ እናትና አባት ደግሞ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ወጥቶ የሌላ አገር ደሴት ሲነካ፣ ተጓዡ ከአገር እንደ ወጣ ይቈጠራል። ቪዛቸው ተመልሰው ለመግባት የሚያስችል መሆኑንና በመንገድ ያሉት ደሴቶች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚመጣ ሰው ምን እንደሚጠይቁ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከባለሥልጣናቱና ከመርከብ ኩባንያው አጣርቶ ማወቅ ግዴታ ነው።

ስለ አልጋ አደላደል

በዕድሜ የገፋ ሰው በላይኛው አልጋ አይተኛም። ይህ የክብር ነገር ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ነገር ነው። ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሌሊት ደጋግሞ መነሣት ይኖርባቸዋል፤ መርከቡም በሚናወጥበት ሰዓት በጨለማ መሰላል መውረድ ለወጣትም የሚያሰጋ ነው። ለእናት የሚገባው አልጋ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለው፣ የማይታጠፈው የታችኛው አልጋ ነው። ሁለቱ የታች አልጋዎች ተለያይተው እንዲነጠፉም አስቀድሞ ለኩባንያው መንገር፣ በገቡበትም ቀን ለክፍሉ አገልጋይ መድገም ያስፈልጋል።

እናቶቻችን ግን «እኔ የትም እተኛለሁ፣ እናንተ ተመቻቹ» ማለት ልማዳቸው ነው። ይህን ቃል ሰምቶ እንደ እውነተኛ ፈቃድ መቀበል አይገባም። ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት አልጋውን ወስነው፣ በክፍሉ ውስጥ ክርክር እንዳይነሣ ቢያደርጉ መልካም ነው።

የውስጥ ክፍል መብራቱ ሲጠፋ ፍጹም ጨለማ ስለሚሆን፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የሌሊት መብራት መያዝ ይበጃል። የሚያንኰራፋ ሰው ካለም ሌሎቹ የጆሮ መድፈኛ ይያዙ፤ ይህን በቀልድ አንሥቶ አስቀድሞ መነጋገር፣ በሦስተኛው ሌሊት በቍጣ ከመናገር ይሻላል። ማታ የሚያመሽ ሰው ልብሱን ቀን አውጥቶ ያሰናዳ፤ ስልኩንም ድምፁን አጥፍቶ ይግባ።

ስለ መታጠቢያና ስለ ልብስ መለወጫ

መታጠቢያ ቤቱ አንድ ሰው ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነው። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ቢወስዱ አንድ ሰዓት ይሞላል፤ ከቍርስ በፊት ይህ ሁሉ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ማታ፣ አንዱ በማለዳ፣ አንዱም ከቍርስ በኋላ እንዲታጠብ ተራ ማበጀት ነው። በብዙ መርከቦች ከስፖርት አዳራሹ ጋራ የተያያዘ መታጠቢያ ስላለ፣ ወጣቱ ወደዚያ ቢሄድ ለእናት ፋታ ይሆናል። የዲዝኒ ኩባንያ መርከቦች በአብዛኞቹ ክፍሎቻቸው መጸዳጃውንና ገላ መታጠቢያውን በሁለት በር ለይተው ስለ ሠሯቸው፣ በዚህ ረገድ ለሦስት ሰው የተመቹ ናቸው።

ወንድና ሴት በአንድ ክፍል የሚያድሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ አክስት ከባልና ከሚስት ጋራ ቢሆኑ፣ ልብስ መለወጥ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ወይም ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ወደ በረንዳው ወይም ወደ ውጭ ይውጡ። ሳይጠየቁ ወጣ ማለት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው።

ስለ ዕቃ

እያንዳንዱ ሰው ከአንድ መካከለኛ ሻንጣ የበለጠ አይያዝ። ሻንጣው ባዶ ከሆነ በኋላ በአልጋው ሥር ይገባል። የክፍሉ ግድግዳ በአብዛኛው ብረት ስለ ሆነ፣ ማግኔት ያለባቸው ማንጠልጠያዎች ይይዙታል፤ ነጠላና ቦርሳ ባርኔጣም ይሰቀልባቸዋል። ከመሳቢያዎቹም ለሦስቱም ድርሻ ድርሻቸውን ማካፈል እንጂ፣ ቀድሞ የገባው ሁሉን መያዝ የለበትም።

ከቤታችን ልማድ የተነሣ ልናስታውስ የሚገባን ሌላ ነገር አለ። እሳት በባሕር ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራ ነውና፣ የመርከብ ኩባንያዎች ሻማና ጧፍ፣ ዕጣን፣ የቡና ማፍያ ምድጃና የልብስ ካውያ ወደ ክፍል እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ብዙዎቹም የኤሌክትሪክ ማራዘሚያን ይወስዳሉ። ጀበናና ከሰል በሻንጣ ሸሽጎ ይዞ መሄድ፣ በበሩ ላይ በእናት ፊት ማፈርን ያመጣል።

በማለዳ ለጸሎት የሚነሡ እናት ካሉ፣ በረንዳው ለእርሳቸውም ለሚተኙትም ልጆች ዕረፍት ነው፤ በረንዳ ባይኖር በዚያ ሰዓት ጸጥ ያለ የመርከቡ ፎቅ አይጠፋምና፣ አንደኛዋ ልጅ አብራቸው ትሂድ። ጉዞው በጾም ቀኖች ላይ ቢውል፣ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ሁሉ የሌለበት ምግብ እንዲዘጋጅ ከመነሣታቸው በፊት ለኩባንያው ይንገሩ፤ በመጀመሪያውም ማታ ለአስተናጋጁ ይድገሙለት።

አብሮ ስለ መሆንና ስለ መለያየት

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በኢጣልያ ጠረፍ ከዓለት ጋራ ተጋጭታ 32 ሰዎች ከሞቱ ወዲህ፣ የአደጋ ጊዜ ትምህርቱ ከመነሣት በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተነሡ እንዲሰጥ ሆኗል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላልና፣ ልጆቹ ለእናታቸው በአማርኛ ያስረዷቸው፤ የመሰብሰቢያውን ቦታም በእግራቸው ወስደው ያሳዩአቸው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ወይም በመሰብሰቢያው የሚሰጠው የነፍስ አድን ሰደርያ ለሦስት ሰው መብቃቱን ይጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ግን ሦስቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተጣብቀው ይዋሉ አንልም። በቀን አንድ ጊዜ በአንድ ማዕድ ይብሉ፤ ከዚያ በቀር ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚሆን ሰዓት ይተዉለት። አንዷ ስትዋኝ ሌላዋ ከእናቷ ጋራ ባሕሩን እያየች ትጫወት፤ ነገ ደግሞ ተራው ይለወጥ። ክፍሉ ለመኝታና ለዕረፍት እንጂ ለመዋያ የተሠራ አይደለምና፣ በአንድ ጊዜ ሦስቱም በውስጡ የማይሆኑበት ሰዓት በበዛ ቍጥር ሲገናኙ የሚፈቃቀዱ ይሆናሉ። ነገር ግን ሁለቱ ወጥተው ሦስተኛው በክፍሉ ብቻውን የሚቀርበት ቀን እንዳይበዛ ይጠንቀቁ፤ በቤት የነበረው ብቸኝነት ባሕር ተሻግሮ እንዳይከተላቸው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ የመርከብ ክፍል በምክር አይሰፋም፤ ካሬ ሜትሩ ያው ነው። አልጋው በሥርዐት ከተመደበ፣ ተራው ከተከበረ፣ ዋጋውም በግልጥ ከተካፈለ ግን፣ የተጨመረው ሦስተኛ አልጋ የተወደደ ሰው ያደረበት አልጋ ይሆናል። ትኬቱን ከመቍረጣችሁ በፊት አንድ ማታ ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ፣ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን መቼ እንደሚታጠብ፣ ማን ምን እንደሚከፍል ተነጋገሩ። ያች አንዲት ማታ ሰባቱን ሌሊት ታሳርፋችኋለች።